በገናው ቤት ይገዝፋል፣ መኪና ውስጥ ይቀጥናል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮተቤ በተከራየሁት ክፍል የበገና መዝሙር እቀዳለሁ፤ ሚክስም የማደርገው ራሴ ነኝ። ክፍሉ 4 ሜትር በ3.2 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ወንበሬ የኋላውን ግድግዳ ተጠግቷል። ቤት ሳዳምጠው ቤዙ ሙሉ ነው፣ መኪና ውስጥ ሲከፈት ግን ይቀጥናል። ክፍሉን በማይክ መለካት ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። ያለኝ አንድ ኤስኤም58 የዘፋኝ ማይክ፣ ፋንተም (ለማይክ የሚላክ ኤሌክትሪክ) ያለው ባለ ሁለት ቻናል ሳውንድ ካርድ፣ ላፕቶፕና ስልኬ ነው። በእነዚህ ይሆናል ወይስ ሌላ ልግዛ? የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ ልለጥፍ ስል ጓደኛዬ «ቆይ» አለኝ።

መልስ፦ ጓደኛህን ቡና ጋብዘው። ካርቶኑ ጭብጨባህን ትንሽ ያለዝበው ይሆናል እንጂ ቤዙን አይነካውም።

ኤስኤም58ን ለዘማሪው ተወው። የተሠራው ከፊቱ ያለውን እንዲሰማ፣ ከኋላው ያለውን እንዲተው ነው፤ ክፍል ደግሞ የሚናገረው ከየአቅጣጫው ነው። ከንፈር ሲጠጋው የሚሰጠው ወፍራም ቤዝም አንድ ሜትር ስትርቀው የለም። ብዙ ስልክ ደግሞ ለወሬ ስለተሠራ ዝቅ ያለውን ድምፅ ይቆርጣል፣ «ጫጫታ ነው» ያለውንም በራሱ ያፍናል። በእሱ ብትለካ ስልኩን እንጂ ክፍሉን አታየውም።

የምትፈልገው ጫፉ ቀጭን፣ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚሰማ የመለኪያ ማይክ ነው። ፋንተም ስላለህ በዩኤስቢ የሚሰካውን ሚኒዲኤስፒ ዩሚክ-1 መግዛት አያስፈልግህም፤ እሱ ላፕቶፕ ብቻ ላለው ሰው ጥሩ ነው። ለአንተ ቤሪንገር ኢሲኤም8000 ወይም ዴይተን ኦዲዮ ኢኤምኤም-6 ይበቃል። ልዩነታቸው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ኢኤምኤም-6 ለእያንዳንዱ ማይክ በመለያ ቁጥሩ የሚወርድ፣ የማይኩን የራሱን ስህተት የሚያርም የማስተካከያ ፋይል አለው፣ ኢሲኤም8000 የለውም። ሁለቱንም ካገኘህ ባለፋይሉን ውሰድ። ካላገኘህ ግን አትጨነቅ፤ እንዲህ ያሉ ማይኮች ብዙውን ጊዜ የሚለያዩት ከላይ፣ በቀጭኑ ድምፅ በኩል ነው፤ የአንተ በሽታ ደግሞ ከታች ነው። ያገለገለ ስትገዛ መለያ ቁጥሩ ያልተፋቀ መሆኑን እይ፤ ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉም የለም።

ፋይሉ ላይ እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገም። የእኔን ማይክ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ነበር በሻንጣው የያዘልኝ። በደስታ ጫፉን ወደ ኮርኒሱ አቁሜ ለካሁ፤ የጫንኩት ፋይል ግን ማይኩ ወደ ስፒከሩ ሲዞር የሚሠራው ነበር። ቀጭኑ ድምፅ የወረደ መሰለኝና በኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ በሚያስተካክለው) ከፍ አደረግሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የመዘምራኑ «ሰ» እንደ እባብ ፉጨት ሲሰማ ጥፋቱን በስፒከሩ ስፈልግ ከረምኩ።

ማይኩ ሲገኝ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫን። ማይኩን በስታንድ፣ ጆሮህ በሚሆንበት ቦታና ከፍታ አቁም፤ በእጅ አይያዝ። ፕሮግራሙ ከወፍራሙ 20 እስከ ቀጭኑ 20,000 ኸርዝ የሚወጣ ድምፅ በስፒከርህ ያሰማና ግራፍ ይስልልሃል።

ምን እንደምታይ ከወዲሁ ልንገርህ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ያንን ለክፍልህ ርዝመት እጥፍ፣ ለ8 ሜትር፣ ስታካፍለው 43 ኸርዝ ገደማ ይመጣል፤ እጥፉ 86 ነው። በወርዱ በኩል ደግሞ 54 አካባቢ። በእነዚህ ላይ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ያብጣል፣ ቶሎም አይጠፋም፤ ድምፁ እንዴት እየሞተ እንደሚሄድ የሚያሳየው፣ ዎተርፎል የሚባለው የፕሮግራሙ ሥዕል ላይ ጅራቱ ረዝሞ ታየዋለህ። ይህ እብጠት ከሁሉም የሚበረታው ግድግዳው ሥር ነው። አንተም የተቀመጥከው እዚያው ነው! በዛብኝ ብለህ የምትቀንሰው የግድግዳውን ቤዝ ነው፤ የሚጎዳው ግን በገናው። መኪና እኮ በጠባብነቱ ራሱ ቤዝ ይጨምራል፤ እዚያም ከቀጠነ ብዙ ቆርጠሃል ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ብር ሳታወጣ ዛሬውኑ ወንበሩን ከግድግዳው አላቀው። ልክ 1 ሜትር ላይ ግን አትቁም፤ እዚያ 86ቱ ጭራሽ ይጠፋብህና አሁን ደግሞ ቤዝ መጨመር ትጀምራለህ። ማይኩ ሲመጣ ከ1.2 ሜትር ጀምረህ በየ20 ሳንቲሜትሩ ለካና ግራፉ ከሁሉም የተስተካከለበትን ቦታ ምረጥ። ስፖንጅም ሆነ ሌላ ነገር የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። የ86 ኸርዝ ሞገድ ሩቡ ብቻ አንድ ሜትር ነው፤ ስስ ስፖንጅ ምን ሊያደርገው? ማዕዘኖቹ ላይ የሚቆም ወፍራም ነገር ካላገኘህ አሮጌ የጥጥ ፍራሽ አቁምና እንደገና ለካ።

ጣሪያህ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ዝናብ እስኪያባራ ጠብቅ።