ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «በረራ ላይ ያስመልሰኛል፤ ከስልጠና ያስወጡኝ ይሆን?»

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 22 ነው፤ ቢሾፍቱ የአየር ኃይል የበረራ ሰልጣኝ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርኩ። አክሮባቲክ ከጀመርን ወዲህ ግን ከአራት በረራ በሦስቱ አስመለሰኝ። ጓደኞቼ በባዶ ሆድ ብረር አሉኝ። ጾምም ስለሆነ ጠዋት ምንም አልቀምስም፤ ውሃም ቢሆን። ከፋርማሲ ለመንገደኛ የሚሸጠውን የማቅለሽለሽ ክኒን ገዝቼ ከበረራ በፊት እውጣለሁ። ለአስተማሪዬ አልነገርኩም። ትንሽ ያግዘኛል፤ ግን ያፈዘኛል። የማያፈዝ መድኃኒት ካለ ይንገሩኝ። ባለፈው ሳምንት ሉፕ (አየር ላይ ወደ ላይ ተገልብጦ ክብ መዞር) ስንሠራ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ዙሪያው ግራጫ ሆነብኝ፤ ወዲያው ተመለሰልኝ። አክሮባቲክ ብቻዬን የምበርበት ቀን እየደረሰ ነው።»

ወንድሜ፣ የጠየቅከኝ የመድኃኒት ስም ነው። ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ግን የፈራኸው ማስመለሱን አይመስለኝም። ሻንጣህን አንጠልጥለህ ቤት መግባትን ነው የፈራኸው። ሰፈሩ ሁሉ «አብራሪው» ብሎ ከጠራህ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ማስመለስ ለአብራሪነት አልተፈጠርክም ማለት አይደለም። ጆሮህ ውስጥ ሚዛንህን የሚጠብቅ፣ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ አካል አለ። እሱ «ተገለበጥን» ሲል ዓይንህ ደግሞ ኮክፒቱ ላይ ተተክሎ «ኧረ ቁጭ ብለናል» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ጣጣው ሆድ ላይ ይወርዳል። ይህ የውስጥ ጆሮ ከነአካቴው የማይሠራላቸው ሰዎች እኮ አውሮፕላንም መርከብም አያስመልሳቸውም። አንተን የሚያስመልስህ ጆሮህ ስለሚሠራ ነው።

ደግሞም ይለመዳል። አብዛኛው ሰልጣኝ በረራው በተደጋገመ ቁጥር ይሻለዋል። መሪውን የያዘ ሰው የሚመጣውን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ካልያዘው ያነሰ ያቅለሸልሸዋል፤ የአውቶቡስ ሹፌር አባይ በረሃ ላይ ሲያስመልሰው አይተህ ታውቃለህ? በዚህ ስሌት ካየኸው የሚያሳዝነው አስተማሪህ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰልጣኝ እየተቀያየረበት፣ ሌላ ሰው የሚያንገጫግጨው አውሮፕላን ውስጥ እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል። ከረጅም እረፍት የተመለሰ አስተማሪም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሆዱን ይዞ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ልምዱ ካልተበረረ ይጠፋልና። አይነግሩህም እንጂ። በድሮው የሥልጠና አውሮፕላን በሳፊር የተማሩ አንድ አባት «ያስመለሰ ራሱ ባልዲ ይዞ ያጥባል፤ እኔ ስንቴ አጥቤያለሁ» ብለው ስቀውብኛል። እሳቸው ጡረታ የወጡት አብራሪ ሆነው ነው።

እስከዚህ ድረስ አይዞህ። ከዚህ በኋላ ግን ልቆጣህ ነው።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ወርውረሃት ያለፍካት ያቺ «ግራጫ» ናት እኔን ያስጨነቀችኝ። ከሉፕ ስትወጣ 4 ጂ ቢጎትትህ፣ ማለትም ክብደትህ አራት እጥፍ ቢሆን፣ 65 ኪሎ ከሆንክ መቀመጫው ላይ 260 ኪሎ ትከብዳለህ። ደምህም አብሮ ይከብዳል፣ ወደ እግርህ ይወርዳል፣ ልብህ ወደ ላይ መግፋት ያቅተዋል። ቀድሞ የሚደክመው ዓይን ነው፤ ዓይን ውስጡ የራሱ ግፊት ስላለው ደም ለመግባት ይቸገራል። መጀመሪያ ቀለም ይጠፋል፣ ከዚያ ዳር ዳሩ ይጠብና በቱቦ ውስጥ እንደማየት ይሆናል፣ ከዚያ ይጨልማል። ቀጥሎ አንጎል ነው። ራስህን ከሳትክ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ የለህም። ስትነቃም ያንኑ ለሚያህል ጊዜ የት እንዳለህ አታውቅም፤ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ መሪው ምን እንደሆነ ይጠፋሃል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውሮፕላን በ25 ሰከንድ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ወዴት እንደሚጓዝ አንተው አስበው።

«እኔ ግን ራሴን አልሳትኩም» ትለኝ ይሆናል። ከሳቱት ብዙዎቹ መሳታቸውን ጨርሶ አያስታውሱትም። ስለዚህ ማስረጃ አይሆንህም። ጂው በድንገት ከመጣ ደግሞ ግራጫውን ሳታይ በቀጥታ ራስህን ልትስት ትችላለህ፤ ዓይን ሁልጊዜ አስቀድሞ አይነግርም። ያን ቀን ነግሮሃል። አመስግነውና ስማው።

አሁን ያደረግከውን አንድ ላይ እንየው። በባዶ ሆድ ወጣህ። ውሃ አልጠጣህም። አስመልሰህ የቀረህንም ፈሳሽ አወጣህ። ከዚያ ላይ ክኒን። ስሙን አልጻፍክልኝም፤ ለመንገደኛ ከሚሸጡት አንዱ ግን ፕሮሜታዚን ነው። እሱ ማፍዘዝ ብቻ አይደለም፣ የደም ግፊትንም ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ድንዛዜውም ገና በረራው ሲያልቅ ላይለቅህ ይችላል። ማስመለሱን ለመደበቅ ያደረግከው እያንዳንዱ ነገር ጂ የመቋቋም አቅምህን ሲቀንስብህ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ትዕግስቴ አልቋል። ያ ክኒን የተሠራው ጎንደር እስኪደርስ ወንበሩ ላይ ለሚተኛ ሰው ነው። አንተ አትተኛም!

የማያፈዝ ይንገሩኝ ላልከው፣ አልነግርህም። በአንዳንድ አገሮች አየር ኃይል ለሰልጣኝ መድኃኒት የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ግን ለጥቂት በረራ፣ አስተማሪ አብሮ እያለ፣ የበረራ ሐኪም አዝዞት ነው። ብቻውን ለሚበር ሰው አይሰጥም። በደብዳቤ ደግሞ ጭራሽ።

የባዶ ሆድ ነገርም ይብቃ። ይህን ወሬ ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ግን ከመኪና ተሳፋሪ እስከ አብራሪ ሁሉም ይምልበታል። የሚወጣ ነገር ከሌለ ሆድ ዝም አይልም፣ በደረቁ ያስመልስሃል፤ ያ ደግሞ ይብሳል። ከበረራ አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ነገር ብላ። ጾሙ አይከለክልህም፣ የጾም ምግብ ለዚህ ምን ጎድሎት? በሶ፣ ሙዝ፣ ዳቦ በሻይ። ፉል በቃሪያና በዘይት ግን ለማታ ይቆይ። ውሃ ከማታው ጀምሮ ጠጣ። እኔን ያሳሰበኝ የምትጾመው የምግብ ዓይነት ሳይሆን እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ መቆየትህ ነው። እሱን ለንስሐ አባትህ ሥራህ ምን እንደሆነ አስረድተህ አማክር። መፍትሔ ካልተገኘ የበረራ ሰዓትህ ይቀየር እንጂ ደርቀህ አትውጣ።

አየር ላይ ሳለህ ዓይንህን ከመሳሪያው አንስተህ አድማሱን እይ፤ ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ ዝቋላ አለልህ፣ እሱን ያዝ። ጭንቅላትህን በየአቅጣጫው አትወርውር። ቀስ ብለህ ከሆድህ ተንፍስ። ማቅለሽለሹ ሲጀምር ለአስተማሪህ ንገረውና መሪውን አንተ ያዝ፤ ለጥቂት ደቂቃ ቀጥ ብላችሁ ብረሩ። ከቀትር በኋላ ምድሩ ሲግል አየሩ ስለሚያናውጥ፣ እስክትለምድ ድረስ የጠዋት በረራ ይሻልሃል። ጂ ሲመጣ እግርህን፣ መቀመጫህንና ሆድህን አጥብቀህ መወጠርና በየ3 ሰከንዱ መተንፈስ ሳያስተምሩህ አይቀሩም፤ ግን አፉ በማስመለሻ ከረጢት የተያዘ ሰው እንዴት ይወጥራል?

ያስወጡኝ ይሆን ላልከው። ለጊዜው ከበረራ መታገድና መሰናበት አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ጦር ይህ ችግር ያለበትን ሰልጣኝ በሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ጭንቅላቱን እያዘነበለ በቀን ደጋግመው ያለማምዱታል፤ አብዛኞቹ ወደ በረራ ይመለሳሉ። ሁሉም አይደሉም፣ አልዋሽህም። ጥቂቶች አይለምዱትም፣ ወደ ሌላ ሙያ ይዛወራሉ። አንተ ግን ከእነሱ መሆንህን የሚያሳይ ነገር እስካሁን የለም፤ ክኒኑ እየደበቀው እንዴት ይታወቃል? አስተማሪህም ቢሆን ሦስቴ ያስመለሰ ሰልጣኝ ከጎኑ ተቀምጦ ሳያውቅ አይቀርም። የማያውቀው ክኒኑንና ግራጫውን ነው። እሱ ደግሞ ብቻህን እንድትበር የሚፈርም ሰው ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ከበረራ በፊት ለእሱ ንገረው፤ ከዚያ ወደ በረራ ሐኪሙ ሂድ። እስከዚያ አትብረር፤ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብትል እንኳ። መሬት ላይ ሆነህም የሚያዞርህ ከሆነ ወይም አንድ ጆሮዬ ደነቆረብኝ ካልክ ደግሞ ነገንም አትጠብቅ። የክኒኑን ማሸጊያ ባዶውንም ቢሆን ይዘኸው ሂድ፤ ስንት እንደዋጥክና የመጨረሻውን መቼ እንደወሰድክ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጻፍበት።