ማርሚታው ለምን ይተኩሳል? የሞተረኞች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከከተማው ዳር ዳር ከሚነዱ ሞተረኞች የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። ከሱሉልታም፣ ከሰበታም፣ ከገላንም «ማርሚታዬ ይተኩሳል፣ ምን ላድርግ?» ነው። ማርሚታ ያው የጭስ ማውጫው ቱቦ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለሱ ብቻ እናውራ። ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ከሱሉልታ፦ ሞተሬ ባለ 150 ቦክሰር ነው። ሜዳ ላይ ሰላም ነው። ከእንጦጦ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁለቱን ስወርድ ግን ጋዝ ስለቅ ጧ! ጧ! ይላል። መንገደኛው ሁሉ ይደነግጣል። ካርቡራተሩን ልቀይረው?

ኧረ ቆይ ወንድሜ! ገንዘብህን አትበትን። ጋዝ ስትለቅ ብቻ የሚተኩስ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው ትንሽ ነው። ካርቡራተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ውስጥ ቤንዚን የሚሄድበት ከአንድ በላይ መንገድ አለ። ጋዝ ስትሰጥ ትልቁ ይሠራል። ስትለቅ የሚቀረው የሚኒሞው፣ ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ዝቅ ብሎ የሚሠራበት፣ ጠባብ መንገድ ብቻ ነው። በዚያ በኩል ቤንዚን ካነሰ፣ ወይም አየር በሌላ ቀዳዳ ከገባ፣ ቁልቁለት ላይ ይተኩሳል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በል። የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ እንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ ተብሎ የተሠራ ካርቡራተር እኛ ጋ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። ስለዚህ ሞተር እዚህ አገር ቤንዚን አነሰው ከተባለ ምክንያት አለው። ወይ አየር የሚገባበት ተከፍቷል፣ ወይ ቤንዚን የሚያልፍበት ተደፍኗል፣ ወይ ደግሞ አንድ «አዋቂ» ቤንዚን እንዳይበላ ብሎ የሚኒሞውን ቤንዚን የምትመጥነውን ቡሎን አጥብቋታል። መጀመሪያ ይሄን ፈልግ። ትልቅ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ዕቃ) ግዛ የሚልህን አትስማ።

ከሰበታ፦ ግራ ገባኝ። ቤንዚን ካነሰ ታዲያ የሚፈነዳው ከየት ይመጣል?

ይሄን ብዙ መካኒክ ራሱ ያምታታዋል። ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል በክብደት ሲለካ ለ1 ቤንዚን 14.7 ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ በጣም ከበዛ ካንዴላው እሳት ቢሰጥም አይቀጣጠልም። ያቺ ጥቂት ቤንዚን እንዳለች፣ ሳትቃጠል፣ ወደ ማርሚታ ትወጣለች። ከዚያ ቀጥሎ አንዱ ዙር ይቀጣጠልና ትኩስ ጭሱ ማርሚታ ውስጥ የተጠራቀመውን ያነደዋል። ጧ የሚለው እሱ ነው።

ማርሚታው ከቴስታታው፣ ከሲሊንደሩ ክዳን፣ ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያልፍ መሃል የሚገባው ቀለበት) ከተበላ ነገሩ ይብሳል። ጭሱ የሚወጣው በምት በምት ነው። በሁለት ምት መካከል ቱቦው ወደ ውስጥ ይስባል። በተበላው በኩል ንጹሕ አየር ይገባል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው።

ያው ጠያቂ፦ አየር የሚገባበትን ቦታ እንዴት አገኘዋለሁ?

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ በኦሞ የተመታ የሳሙና አረፋ ማርሚታው ቴስታታው ላይ በሚታሰርበት ዙሪያ ቀባ። ከዚያ አስነሳ። ሳይሞቅ ቶሎ እይ። አረፋው ከተንፏፏ ጓርኒሲዮኑን ቀይር፣ ሁለቱን ፍሬዎች ደግሞ እያፈራረቅክ እኩል እሰር። ጥቁር የጭስ ምልክትም ቦታውን ያሳይሃል።

ሁለተኛው ቦታ በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጎማ ነው። ፀሐይና ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ውሃ በስሱ ርጨበት። ድምፁ ከተለወጠ አገኘኸው። አንዳንዱ በቤንዚን ይሞክረዋል። ትኩስ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እብደት ነው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ የሚኒሞውን ጄት አውጥተህ ወደ ብርሃን እይበት። ቀዳዳው እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። የማይታይ ከሆነ ተደፍኗል።

ከለገጣፎ፦ እኔ ዕቃ አድራሽ ነኝ። የካርቡራተሩን የድብልቅ ቡሎን አንዱ መካኒክ ወደ ግራ ፍቺ ይለኛል፣ ሌላው ወደ ቀኝ አጥብቂ። ማንን ልመን?

እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ ቡሎኗ ያለችበት ቦታ ነው። በፊልትሮው፣ በአየር ማጣሪያው፣ በኩል ካለች የምትቆጣጠረው አየር ነው። ስትፈቻት አየር ይጨምራል፣ ስታጠብቂያት ቤንዚኑ ይበዛል። በሞተሩ በኩል ካለች ግን የምትቆጣጠረው ቤንዚን ነው። ያኔ ስትፈቻት ቤንዚን ይጨምራል። ለአንቺ ተኩስ ቤንዚን ነው የሚጨመረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩን በደንብ አሙቂው። መጀመሪያ ቡሎኗ ስንት ዙር ላይ እንደነበረች ቆጥረሽ ጻፊ። ቀስ ብለሽ እስከ መጨረሻው አጥብቂያት፣ ግን አትጫኚ፣ ጫፏ ይበላሻል። ከዚያ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዙር ፍቺና ጀምሪ። በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር እያልሽ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ጥርት የሚልበትን ቦታ ፈልጊ። በመጨረሻ በሌላዋ፣ በሚኒሞው ቡሎን፣ በደቂቃ ወደ 1,400 ዙር ገደማ አውርጂው። የድብልቋን ቡሎን ብትነኪያትም ምንም ካልተለወጠ፣ ጄቱ ተደፍኗል ማለት ነው። ማሽከርከሩን ተይው።

ከቡራዩ፦ የማርሚታውን ሆድ፣ ድምፅ የሚያፍነውን የውስጥ ክፍል፣ አስወጣሁት፣ ፊልትሮውንም አነሳሁት። ድምፁ አሪፍ ነው ግን ይተኩሳል።

አንተው መልሰኸዋል። ፊልትሮውን መልስ፣ አለበለዚያ የኮረኮንቹ አቧራ ሲሊንደርህን ይበላዋል። ሆዱንም መልስ። ሰፈሩም ይተኛበት።

ከሰንዳፋ፦ ልጄ፣ የእኔ የድሮ ባለ 125 ነው። ይተኩሳል፣ ሲሞቅ ደግሞ ማስነሳት አስቸጋሪ ነው።

ጋሼ፣ ሲሞቅ አልነሳም ማለቱ ወደ ሌላ ነገር ይወስደኛል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ክፍተት ጠቦ ይሆናል። ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ ነበልባሉ ወደ ማርሚታ ያመልጣል። እንዲህ ከሆነ ካርቡራተር ቢቀይሩም አይድንም። ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ያስለኩት። ለሆንዳ ሲጂ 125 ልኩ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፣ በእሱ አምሳያ የተሠሩት የቻይናዎቹም ብዙዎቹ እዚያው አካባቢ ናቸው። ዝም ብለው ከቆዩ ቫልቩ ይቃጠላል፣ ያ ደግሞ ቴስታታ ማስወረድ ነው። ስለዚህ ይሄን አያሳድሩት።

ከገላን፦ አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ነው። አዳማ ስወርድ ግን መተኮስ ይጀምራል። ጉድ ነው!

ጉድ አይደለም። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ነው። ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ማለት ነው። እላይ ልክ የነበረው ድብልቅ እታች አየር ይበዛበታል። ሥራህ አዳማ ከሆነ እዚያው አስተካክለው። አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ ትንሿን ተኩስ ቻላት። ነገር ግን ጋዝ ሰጥተህ ጭነት ይዘህ ሳለ ከደከመ፣ ወይም ካንዴላው ነጭ ሆኖ ከወጣ፣ አትቻለው። ያኔ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ ነው። ደህና ካንዴላ ቡናማ ነው። ጥቁርና ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ መፍትሔውም ተቃራኒው ነው።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ማደያ ሰልፍ ሲሆን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ እገዛለሁ። ከሱ ይሆን?

ይሆናል። ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ቡሎን ላላ አድርገህ በንጹሕ ብርጭቆ ተቀበል። ውሃ ካለ ከሥር ይዘቅጣል። ነጭ ጋዝ ግን በዓይን አይለይም።

ከኮዬ ፈጬ፦ የእኔ ካርቡራተር የለውም፣ ኢንጄክሽን ነው። ቡሎኗ የት ናት?

የለችም፣ አትፈልጋት። የማርሚታውን ጓርኒሲዮን እይ፣ የጎማ ቱቦዎቹን እይ። ከዚያ ካለፈ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ነው።

እንደገና ከሱሉልታ፦ ጄቱ ተደፍኖ አገኘሁት! ጎሚስታ ጋ በኮምፕረሶር ላስነፋው?

አስነፋው፣ ግን ጄቱን አውጥተህ ለብቻው። ካርቡራተሩን እንዳለ ካስነፋኸው ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ይቀደዳል። በሽቦም አትውጋው፣ ነሐስ ነው፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ካርቡራተር ማጽጃ ውስጥ አሳድረው፣ ካልተከፈተ በቀጭን የናይሎን ክር ሞክር። ስትመልሰው ቀስ ብለህ እሰር፣ ጭንቅላቱ ቶሎ ይበላል።