አይ7 ነው? ስንተኛ ጀነሬሽን? የጌም ኮምፒውተር ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከአዳማ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ብዙ ብር ሳይወጣ ቤት ውስጥ ጌም የሚያጫውት ዴስክቶፕ ለመገጣጠም የትኛው ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ይገዛ? የብር ዋጋ አልጻፍንም፤ ዛሬ የጻፍነው ለሰኞ አይደርስም። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ዓ.ም. ካልን ግን የእኛው ነው።

ለልጄ ጌም መጫወቻ ኮምፒውተር ልገዛለት ነው። አንዱ ሱቅ ያገለገለ "ኮር አይ7" አሳየኝ። ሌላው በዚያው ብር አዲስ አይ3 እገጥምልሻለሁ አለኝ። አይ7 አይሻልም? (እናት፣ ከፍራንኮ)

ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ሳያዩ አይወስኑ። 3፣ 5፣ 7 የሚባለው ፕሮሰሰሩ አብረውት በአንድ ዓመት ከወጡት ወንድሞቹ ጋር ሲነጻጸር ያለው ደረጃ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ከተወለዱት ጋር አያወዳድረውም። ቁም ነገሩ ከሰረዙ በኋላ ነው። አይ7-4770 ከተባለ መጀመሪያ ላይ ያለችው 4 አራተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ናት፤ የ2013 ዕቃ ነው። አይ3-12100ኤፍ ደግሞ 12ኛ ጀነሬሽን፣ የ2022። ሁለቱም 4 ኮር (ሥራ የሚሠራ ክፍል) እና 8 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚይዙት የሥራ መስመር) አላቸው። በአንድ ኮር ሲለኩ ግን አሮጌው 2 ሥራ ሲጨርስ አዲሱ ከ3 በላይ ይጨርሳል። ጌም ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈልገው የአንድ ኮር ፍጥነት ነው።

ሌላም አለ። የቀረበልዎት የቢሮ ኮምፒውተር ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ (መብራት የሚያከፋፍለው ሳጥን) ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ለሚሠራው ካርድ) የሚሆን ገመድም የለውም። በአንዳንዶቹ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው የመብራት መሰኪያ የራሱ ቅርጽ ስላለው ተራ ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ መቀየርም አይቻልም። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባበትም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን፣ ከኤኤምዲ ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያሉትን ነው። በማታለያ መንገድ መጫን ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ቫሎራንትን የመሰለ ጌም በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የደህንነት መቆለፊያዎች ካልበሩ አይከፈትም።

ስለዚህ አይ3ቱን ይውሰዱ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ "ኤፍ" የሚል ፊደል ያለበት ፕሮሰሰር በውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ካርድ አብሮ ካልተገዛ ሞኒተሩ ጨለማ ነው።

በጀቴ ለአርኤክስ 6600 ግራፊክስ ካርድ ይበቃል። ራይዘን 5 5500፣ ራይዘን 5 5600 እና አይ5-12400ኤፍ መሐል ቆሜያለሁ። የትኛው? (ተማሪ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ)

ሦስቱም 6 ኮርና 12 ትሬድ ናቸው፤ ሻጮች "ያው ነው" የሚሉህ ለዚህ ነው። ያው አይደለም። 5600 የ32 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ አለው፣ 5500 ግን 16 ብቻ። ካሽ ማለት ፕሮሰሰሩ አጠገቡ የሚያስቀምጠው ማስታወሻ ነው፤ የሚፈልገው ነገር እዚያ ከሌለ ራም (ዋናው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ድረስ መሄድ አለበት፣ ራም ደግሞ ሩቅ ነው። ጌሞች በዘፈቀደ ብዙ ጥቃቅን መረጃ ስለሚጠሩ ልዩነቱ በተለይ ድንገት ፍሬም (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) በሚወርድበት ሰዓት ይታያል። በተጨማሪ 5500 ከካርዱ ጋር የሚነጋገረው በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 (በቀድሞው፣ ጠበብ ባለው መንገድ) ነው። አርኤክስ 6600 ስምንት መስመር ስላለው ብዙም አይጎዳም። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ግን አራት መስመር ብቻ ስላለው ከ5500 ጋር ማጣመር ካርዱን ማነቅ ነው።

ስለዚህ 5500 የሚያዋጣው ከ5600 በደንብ ሲረክስ ብቻ ነው። የዋጋው ልዩነት ከአንድ አሥረኛ ካልበለጠ 5600ን ግዛ። በ5600 እና በ12400ኤፍ መካከል ደግሞ በዚህ ካርድ ስትጫወት በዓይንህ ልዩነት አታይም፤ የሚወስነው ማዘርቦርዱ ነው። ሁለቱንም ከነማዘርቦርዳቸው አስጠይቅ፣ ድምሩ የሚያንሰውን ውሰድ። ለ5600 ቢ550 የሚባለው ማዘርቦርድ ሸጋ ነው፤ ኤ520 ርካሽ ነው ግን ወደ 3.0 ይመልስሃል። ያገለገለ ቢ450 ካገኘህ ባዮሱ (ማዘርቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ራይዘን 5000ን እንዲቀበል የታደሰ መሆኑን ሱቁ ውስጥ አብርተው ያሳዩህ፤ ካልታደሰ ኮምፒውተሩ ፋኑ እየዞረ ምስል አይሰጥም፣ ለማደስ ደግሞ ሌላ የቆየ ፕሮሰሰር መዋስ ሊያስፈልግህ ነው። ለ12400ኤፍ ከኤች610 ይልቅ ቢ660 ይመረጣል፤ የራሙን ፍጥነት ከፍ የማድረግ ነፃነት ይሰጣል። ማዘርቦርዱ ዲዲአር4 ራም ወይስ ዲዲአር5 እንደሚወስድ ቀድመህ ጠይቅ፤ ፕሮሰሰሩ ሁለቱንም ይችላል፣ ማዘርቦርዱ ግን አንዱን ብቻ።

ራሙ 8 ጊጋ በ2 ይሁን፣ 16 ጊጋ በአንድ ዘንግ አይሁን። አራት መሰኪያ ካለ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰካ፣ ከዚያ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ማብሪያ) አብራ። ይህን የረሳ ሰው 3200 ብሎ የገዛውን ራም ዓመት ሙሉ በ2133 ወይም በ2400 ሲነዳ ይኖራል።

ወደፊት ለማሳደግ ካሰብክ የራይዘኖቹ ኤኤም4 መሰኪያ (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት) 96 ሜጋባይት ካሽ እስካለው ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ ድረስ ይወስድሃል። የኢንቴሉ እስከ 14ኛ ጀነሬሽን ይሄዳል፤ ሆኖም ያገለገለ አይ7 ወይም አይ9 የ13ኛና የ14ኛ ጀነሬሽን ስትገዛ ተጠንቀቅ። ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ የተጎዱ አሉ፤ ኢንቴል ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የባዮስ ማስተካከያ አውጥቷል፣ ማስተካከያው ግን አስቀድሞ የተጎዳውን አያድንም።

ካርዱን ከስድስት ወር በኋላ ነው የምገዛው። እስከዚያ ምን ይሁን? (ከመብራት ኃይል ሰፈር)

ራይዘን 5 5600ጂ። በውስጡ ያለው ቬጋ ግራፊክስ ዶታ 2ን፣ ቫሎራንትን፣ ጂቲኤ 5ን በዝቅተኛ ሴቲንግ ያጫውታል። ኢንቴል 12400 (ያለ ኤፍ) ምስል ይሰጣል እንጂ ጌም ላይ ከ5600ጂ ብዙ ይቀራል። እዚህ ላይ ሁለት ዘንግ ራም ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ውስጣዊው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል፣ በአንድ ዘንግ ሲሠራ መንገዱ በግማሽ ይጠባል። ካርዱ ሲመጣ ደግሞ የ5600ጂ ካሽ 16 ሜጋባይት ስለሆነ ከ5600 ትንሽ ያንሳል። ስድስት ወሩ ዓመት እንደሚሆን ለሚጠረጥር ሰው ግን ዋጋው አይቆጭም።

12 ኮር፣ 14 ኮር ዚዮን ከነማዘርቦርዱና ከነራሙ በርካሽ ይሸጣል። 14 ኮር ከ4 ኮር አይበልጥም? (ከፖስታ ቤት አካባቢ)

ለቪዲዮ ማቀናበር አዎ፣ ለጌም አይደለም። ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 14 ኮር ቢኖረውም የ2016 የሰርቨር ዕቃ ነው፤ ሲፈጥን 3.3 ጊጋኸርዝ ላይ ይቆማል። 12100ኤፍ 4.3 ይደርሳል፣ በእያንዳንዱ ጊጋኸርዝም የበለጠ ይሠራል። አብዛኛው ጌም ከ6 ወይም ከ8 ኮር በላይ ምን ሊያደርግበት እንደሚችል አያውቅም፤ የተቀሩት ሠርገኛ ሆነው ይቀመጣሉ። ዚዮኑ 120 ዋት የሚበላ ነው። አብሮት የሚመጣው ማዘርቦርድም ብዙ ጊዜ ባዮሱን የሚያድስለት አምራች የሌለው፣ ከስሊፕ የማይነሳ ዓይነት ነው።

ጂቲኤ 5 እየቆራረጠብኝ ነው። ባለሙያው ፕሮሰሰር ቀይር አለኝ። (ከቦኩ)

ብር ከማውጣትህ በፊት አምስት ደቂቃ አውጣ። መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ጀርባ እይ፦ የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? እየሳቅክ ይሆናል፤ ብዙ "ደካማ" ኮምፒውተር በዚህ ድኗል።

ቀጥሎ ጌሙ ውስጥ ሬዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 አውርድ። ፍሬሙ ዘለል ብሎ ከጨመረ የደከመው ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ ፕሮሰሰር መቀየር ከንቱ ነው። ፍሬሙ ካልተነቃነቀ ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው። ታስክ ማናጀር ላይ ሲፒዩ 50 በመቶ ቢል አትታለል፤ አንዱ ኮር 100 ላይ ተጨናንቆ ሌሎቹ ሲያዛጉ አማካዩ 50 ይመጣል። ሜሞሪ የሚለውን ተጭነህ ፍጥነቱንና ስንት መሰኪያ እንደተያዘ ተመልከት። ጂቲኤ 5 ላይ ደግሞ የሕዝብ ብዛትና የርቀት እይታ ሴቲንጎች በቀጥታ ፕሮሰሰሩን የሚጭኑ ናቸው፤ እነሱን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርግ። ሞኒተርህ 60 ኸርዝ ከሆነ 60 ላይ ገድበው፤ ከዚያ በላይ የሚመጣውን ፍሬም ሞኒተሩ አያሳይህም፣ የምታገኘው ሙቀትና የፋን ጩኸት ነው።

ከሰዓት በኋላ ፕሮሰሰሩ 90 ዲግሪ ይገባል። የአዳማ ሙቀት ነው? (ከፍራንኮ)

ከፊሉ ነው። ክፍሉ በ8 ዲግሪ ቢሞቅ ፕሮሰሰሩም ወደ 8 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። አዳማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ዳርቻ ወደ 15 በመቶ ይሳሳል፤ ያው ፋን ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። የውጭ አገር ቪዲዮ ላይ "68 ዲግሪ ነው" ሲሉ ይህን ጨምሩበት። ጌም ላይ ከ70 እስከ 82 ድረስ አያሳስብም። 90 ግን ለራይዘን 5600 የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለ12400ኤፍ ጣሪያው 100 ነው።

ገና እንደተከፈተ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ 90 የሚዘል ከሆነ አየሩን አትውቀሱ፣ ሂት ሲንኩ (ሙቀቱን የሚያወጣው ብረት) በደንብ አልተቀመጠም። የኢንቴል ሂት ሲንክ አራት እግሮች አሉት፤ በሰያፍ እየተጫኑ እያንዳንዳቸው "ጠቅ" ማለት አለባቸው። አንዷ ካልገባች አንዱ ጎን ይነሳል። ሌላ የገዛችሁት ሂት ሲንክ ከሆነ ከሥሩ ያለው ላስቲክ መላጡን አረጋግጡ። ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በሂት ሲንኩ መሐል የሚቀባው ቅባት) የአተር ፍሬ የምታህል መሐሉ ላይ ትበቃለች። የራይዘን ኤኤም4ን ሂት ሲንክ ስታነሱ ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ አሠርታችሁ አሙቁት፣ አጥፉና ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ጠምዘዝ እያደረጋችሁ አላቁት። በቀዝቃዛው ወደ ላይ ብትጎትቱት ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ አብሮ ይነቀላል፣ እግሮቹም ይጣመማሉ።

ቀስ በቀስ የሞቀ ከሆነ አቧራ ነው። የአዳማ ነፋስ ተርባይን የሚያዞር ነው፣ አቧራ መንዛት አይከብደውም። በየሁለት ወሩ ከፍታችሁ በቀለም ብሩሽና በአየር አጽዱ፤ ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙ፣ እንዳሻው እንዲሽከረከር አትልቀቁት። ኬዙ መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ጀርባውም ከግድግዳ አይጣበቅ።

መብራት በተደጋጋሚ ይጠፋል። ስንት ዋት ፓወር ሰፕላይና ምን ዓይነት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ)? (ከቀበሌ 04)

ደምሩት። 12400ኤፍ ሲበዛበት 117 ዋት፣ አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ ደግሞ 115 ዋት፣ ሌላው ሁሉ 60 ገደማ፤ ወደ 290 ይመጣል። ጥሩ ስም ያለው 500 ወይም 550 ዋት ከበቂ በላይ ነው። "700 ዋት" ተብሎ የተለጠፈበት፣ በእጅ ሲያነሱት የሚቀል ፓወር ሰፕላይ ይቅርባችሁ፤ ከፕሮሰሰሩ ላይ አንድ ደረጃ ወርዳችሁም ቢሆን የተሻለ ፓወር ሰፕላይ ግዙ። መብራት ሲመለስ በሚመጣው ምት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ርካሹ ሲሞት ማዘርቦርዱን ይዞ ይሄዳል።

ዩፒኤስ ላይ ቪኤ የሚለውን ሳይሆን ዋት የሚለውን አንብቡ። 650 ቪኤ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው፤ ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን ይይዛል፣ ግን ጌሙን ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ዩፒኤስ ከሌለ መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ።

ራይዘን 7600ና ዲዲአር5 ይሻላል ይሉኛል። ልጠብቅ? (ከፍራንኮ)

ይሻላል፤ ኤኤምዲ የኤኤም5 መሰኪያን እስከ 2027ና ከዚያም በኋላ እደግፋለሁ ብሏል፣ 7600 በውስጡ ትንሽ ግራፊክስ ስላለው ካርድ ቢበላሽ ምስል አይጠፋም። ነገር ግን ሞኒተርህ 60 ኸርዝ፣ ካርድህም አርኤክስ 6600 ደረጃ ከሆነ ለውጡን አታየውም። የማዘርቦርዱንና የራሙን ልዩነት ደምረህ፣ ያ ብር ካርዱን አንድ ደረጃ ከፍ የሚያደርግ ከሆነ ወደ ካርዱ አዙረው።

ያገለገለ ፕሮሰሰር ስገዛ ምን ልፈትሽ? (ከመብራት ኃይል)

ራይዘን ኤኤም4 ከሆነ እግሮቹን በስልክ መብራት በሰያፍ እይ፤ መስመር የሳተ እግር ጥላው ይለያል። ኢንቴል ከሆነ እግሮቹ ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው፣ እዚያ ፈልግ። ከዚያ አስበራ፤ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍተህ ስሙን፣ የኮሩን ብዛትና የኤል3 ካሹን ከላይ ካልነው ጋር አመሳክር። 5600 ተብሎ 16 ሜጋባይት ካሳየ 5600 አይደለም። ፕሮሰሰሩን የሚያጨናንቀውን ሲኔቤንችን ለ10 ደቂቃ አስኪድ፣ ሙቀቱን ኤችደብልዩኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ተከታተል። ካጠፋው ወይም ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ አትግዛ። "ቤት ስትወስደው ይሠራል" የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ሱቁ ውስጥ መብራት እስኪመጣ ጠብቅ።