እህቴ ስልክ ካላነሳች ልቤ ድው ድው ይላል

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው፤ ታናሽ እህቴ 34 ዓመቷ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ ከቀድሞ ሰፈራችን ለቀን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንኖራለን። የጎረቤቶቻችንን ስም አናውቅም። እህቴ ስልክ ካላነሳች ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ምሳ አይወርድልኝም። ዓምና ሐዋሳ ሥራ አግኝታ ነበር፤ እኔ ሳለቅስ ተወችው። ልቤን ተመርምሬ ደህና ነሽ ተብያለሁ። አብረን ሆነን እንኳ ብቸኝነቱ አይለቀንም። በሽታ ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልብዎን መመርመርዎ ደግ አድርገዋል። የታይሮይድ ዕጢና የደም ማነስ ምርመራ ካላደረጉ ግን እሱን ይጨምሩ፤ ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፤ ጭንቀትም ይመስላሉ።

እህትን መውደድ በሽታ አይደለም። ‹‹ተለያዩ›› ብዬም አልመክርዎትም፤ በእኛ አገር እህትማማቾች አንድ ቤት መኖራቸው ምኑ ይገርማል? እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ በደብዳቤዎ ውስጥ በሕይወት ያለ ሦስተኛ ሰው አላገኘሁም። በቀድሞው ሰፈር ሐሳብዎን የቡና ጎረቤቱም፣ ዕድርተኛውም፣ ባለሱቁም ይካፈሉት ነበር። አሁን ያ ሁሉ በአንዲት እህት ትከሻ ላይ ወድቋል፤ እርስዎም የእሷን ተሸክመዋል። ብቸኝነት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከድባቴ፣ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር ይያያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰዎች አንዱን ያጠቃል።

የስልኩን ነገር ልንገርዎት። ደውለው ድምጿን ሲሰሙ ጭንቀቱ ይበርዳል። ሰውነትዎ ግን ‹‹የዳንኩት ስለደወልኩ ነው›› ብሎ ይይዘዋል፤ በማግስቱ ቶሎ ይረበሻል። ስለዚህ ከእህትዎ ጋር ተነጋግረው መደወሉን መጀመሪያ 15 ደቂቃ ያቆዩት፤ ሲለምዱት ወደ ግማሽ ሰዓት ያሳድጉት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ እጅዎ ቢንቀጠቀጥም ይቆዩ፤ ጭንቀቱ ሳይደውሉም እየበረደ ይሄዳል።

ቡና ስታፈሉ ረከቦቱ ላይ የምታስቀምጡት ሁለት ስኒ ብቻ ይመስለኛል። ሦስተኛውን አስቀምጡና የፊት ለፊቱን በር አንኳኩ። ‹‹ሥራ አለብኝ›› ብትባሉ አትቀየሙ፤ የሚቀጥለውን በር ሞክሩ። እርስዎ ዕድር ሲገቡ እህትዎ ሌላ ማኅበር ትግባ፤ ያኔ ማታ የምታወሩት አዲስ ነገር ይኖራችኋል።

እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መዝጋት፣ ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የአእምሮ ሐኪም ያማክሩ። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን ሳይጨምሩ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ። አማኑኤል የሚለውን ስም ፈርቶ ቤት የሚቀር ብዙ ነው፤ አገልግሎቱ በሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣል። ስትሄዱ አብራችሁ ሂዱ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ለየብቻ ግቡ።

የሐዋሳውን ሥራ በሚመለከት እስካሁን ጠይቀዋት እንደሆነ አልጻፉልኝም። ‹‹ቅር ብሎሽ ነበር?›› ይበሏትና እስክትጨርስ ዝም ብለው ያዳምጧት።