"ቸርች ባልሄድስ?" ላለችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ልትጠይቀኝ ቤቴ መጣች። እናቷን ከድሮ አውቃታለሁ። ልጅቷ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምትሠራው። ፈረቃዋ እሑድን አይምርም። ሻይ እየጠጣን ሳለ ድንገት፣ "ጋሼ፣ ቸርች ባልሄድ፣ እቤቴ ሆኜ ባመልክ አይቆጠርልኝም?" አለችኝ።

"ይቆጠርልሻል እንጂ! እግዚአብሔር ግድግዳ አያስፈልገውም" ብዬ ሸኘኋት።

መልሴ ስህተት አልነበረም። ግን ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በደርግ ዘመን ቤታቸውን የከፈቱልን እቴቴ ትዝ አሉኝ።

በ1974 ዓ.ም. ምድር ባቡር ሒሳብ ክፍል የምሠራ የ25 ዓመት ወጣት ነበርኩ። በዚያ ዓመት ጥር ወር ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ። በየከተማው የሌሎች ወንጌላውያን ጸሎት ቤቶችም እየታሸጉ ነበር። የእኛም በር ታሸገ። ያን ጊዜ እቴቴ፣ "እኔ ጋ ኑ" አሉን። ሌላ ምንም አላሉም።

ቤታቸው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ውስጥ ነበር። ሁለት ክፍል ናት፤ መሐሏ መጋረጃ። ቀናችን ረቡዕ፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ነው። የድሬን ከሰዓት የምታውቁት ይገባችኋል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሱቁ ይዘጋል። ግማሹ ሰው ይተኛል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው። መንገድ ላይ ከፍየል በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። እኔ ከከዚራ ተነሥቼ የደረቀውን የደቻቱን አሸዋ በእግሬ አቋርጥ ነበር።

ከእቴቴ ጋር ሰባት ነበርን። አንድ በአንድ፣ በተለያየ መንገድ እንገባለን። ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ትራስ ተደርድሯል፣ ረከቦቱ ቀርቧል። ድንገት ለገባ ሰው በርጫ ነው የሚመስለው። መጽሐፍ ቅዱሱ የሚወጣው ከዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ነበር። ገጹ ሲገለጥ ዱቄት ብን ይል ነበር። እስከ ዛሬ የዱቄት ሽታ ሲሸተኝ ያ ክፍል ይመጣብኛል።

የምንዘምረው በሹክሹክታ ነው። ይህን ለእናንተ ማስረዳት ይከብደኛል። ዛሬ ያለ ሚክሰርና ያለ ኪቦርድ መዝሙር የማይጀምር ወጣት ብዙ ነው። በሹክሹክታ ስትዘምሩ ግን አጠገባችሁ ያለው ሰው ትንፋሹ ይሰማችኋል። ማን እያለቀሰ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማን እንደቀረም ወዲያው ታውቃላችሁ፤ ያለ እሱ ድምፁ ይሳሳል።

ግድግዳ የሚጋሩን ሙስሊም ጎረቤት ነበሩ። የደርግ አብዮት ጥበቃ ወደ መንደሩ ሲዘልቅ ካዩ ሙቀጫቸውን አውጥተው ቡና መውቀጥ ይጀምራሉ። የዘነዘናውን ድምፅ ስንሰማ መጽሐፉ ወደ ዱቄቱ ይመለሳል። ምን እንደምንሠራ አንድም ቀን ጠይቀውን አያውቁም። እኚህን ሴት ሳላመሰግን ቀረሁ፤ እሱም ሌላ ጸጸት ነው።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። በ1983 ዓ.ም. ነፃነት ሲመጣ ቦታ ተሰጠን፣ የሕንፃ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ገንዘብ ያዥ አደረጉኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። አሸዋ፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ደረሰኝ፣ ስብሰባ። ከቢሮ ስወጣ ቀጥታ ወደ ግንባታው ነበር። ጣሪያው የተመታ ቀን ቆርቆሮውን በእጄ እየዳሰስኩ አለቀስኩ።

እቴቴ በዚያው ዓመት እግራቸው ያብጥ ጀመር። ወንዙን መሻገር አቃታቸው። አንድ ቀን ሄጄ ስጠይቃቸው፣ "ልጄ፣ ረቡዕ አትመጡም እንዴ?" አሉኝ።

"እቴቴ፣ አሁንማ ቤት አለን እኮ!" አልኳቸው።

እንዲህ ነው ያልኩት። በእሳቸው ቤት፣ በእሳቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ "አሁን ቤት አለን" አልኩ። እሳቸው ምንም አልመለሱልኝም። ቡናውን ደገሙልኝ። ስወጣ ጋሪ ልኬ እሑድ እንደማስወስዳቸው ቃል ገባሁ። አልላክሁም። አንዱ ሳምንት ሲሚንቶ ነበር፣ አንዱ ሳምንት ምረቃ።

በ1987 ዓ.ም. አረፉ። ከቀብር ስንመለስ ልጃቸው ወደ ጎን ጠራችኝ። "ረቡዕ በመጣ ቁጥር ምንጣፍ አንጥፊ፣ ሰባት ሲኒ አጥበሽ ደርድሪ ይሉኝ ነበር" አለችኝ። "እስከ መጨረሻው ሳምንት።"

የዚያን ግንባታ መዝገብ ማንም መጥቶ ቢመረምር አንድ ሳንቲም አላጎደልኩም። የጎደሉት እቴቴ ነበሩ፤ እሳቸውን አልቆጠርኩም።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። መጽሐፉን ለምታነቡ አዲስ ነገር አልነግራችሁም። ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት በዚህ ተራራም ሆነ በኢየሩሳሌም የማይወሰን አምልኮ እንደሚመጣ ነግሯታል። ጳውሎስ በጵርስቅላና በአቂላ ቤት ላለችው ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ልኳል። ፊልጵስዩስ ላይ ጸሎቱ ወንዝ ዳር ነበር፣ ኋላም እስር ቤት ውስጥ። በሶርያ፣ ኤፍራጥስ ዳር፣ ዱራ ዩሮፖስ በምትባል ጥንታዊ ከተማ በቁፋሮ የተገኘ ቤት አለ። በ3ኛው መቶ ዓመት ክርስቲያኖች የሁለት ክፍሎችን ግድግዳ አፍርሰው መሰብሰቢያ ያደረጉት ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የእቴቴን መጋረጃ አሰብኩ። እኛም አገር መሠረተ ክርስቶስ ሲዘጋ አባላቱ 5,000 ገደማ ነበሩ። በሩ ሲከፈት 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። ያደጉት ያለ አዳራሽ ነው።

ስለዚህ ሕንፃ አያስፈልግም ልል ነው? ይህን ደግሞ አፌን ሞልቼ አልልም። እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች። ለታኅሣሥ 19 የደንገጎን ዳገት ይዛ ቁልቢ ገብርኤል በእግሯ ትሄድ ነበር። ወጣት ሆኜ፣ "እግዚአብሔር እዚህ ቤት የለም እንዴ?" ብዬ ተከራከርኳት። "እሱማ አለ። እዚህ የሌለሁት እኔ ነኝ፤ ልቤ ድስቱ ላይ ነው" አለችኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ ያለ ታቦት ቅዳሴ የለም ይላሉ። ለጥምቀት ግን ታቦቱን አውጥተው ውኃ ዳር ያድራሉ፣ እዚያው ይቀድሳሉ። እኔም ያን አዳራሽ ዛሬም እወደዋለሁ። እሑድ ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ነው።

በእናንተ ዘመን የማልወደውን በግልጽ ልንገራችሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ሁላችንም ፋሲካን እቤት ዋልን፤ ተገቢ ነበር። በሽታው ሲያልፍ ግን ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ ቀራችሁ። አልጋ ላይ ተጋድሞ ላይቭ ማየትን "የቤት አምልኮ" ስትሉት ያመኛል። እኛ ቤት ለቤት የሄድነው ሰው ፍለጋ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰባኪ ደህና ይሰብክ ይሆናል። እናንተ ብትቀሩ ግን አያውቅም፤ እግራችሁ ቢያብጥም አያውቅም።

የእቴቴ ቤት ዛሬ የለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ያም ቤት አብሮ ሄደ። ልጃቸው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውራ ነበርና ተርፋለች።

ትናንት ለልጅቷ ደወልኩላት። ሳቢያን ውስጥ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። "ረቡዕ ከሰዓት ትገኛለሽ?" አልኳት። "የሌሊት ፈረቃ ነኝ፣ ከሰዓት እኖራለሁ። ግን ጋሼ፣ ወንበር የለንም" አለችኝ። ምንጣፉን እኔ ይዤ እሄዳለሁ።