4 ጊጋ ፒዲኤፍ ይዤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ ተራው የኔ ሆነ። ፋርማሲ አምስት ዓመት ተምሬ፣ ኤግዚቱንም አልፌ ተመርቄያለሁ። የሙያ ፈቃድ ምዘናውን ግን በመጀመሪያው ዙር ወደቅሁ። ለሚቀጥለው ዘጠኝ ሳምንት ቀርቶኛል። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር ነው። ቀን ቀን ቃሊቲ የአክስቴን የሕፃናት ልብስ ሱቅ እሠራለሁ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት እገባለሁ፣ ያኔም መብራት የማይኖርበት ቀን አለ። ጓደኞቼ በቴሌግራም የላኩልኝ ፒዲኤፍ ብቻ 4 ጊጋ ደርሷል። ፕሮግራም አወጣሁ፣ በሦስተኛው ቀን ፈረሰ። ሌላ አወጣሁ፣ እሱም ፈረሰ። ምን ይመክሩኛል?
የኮዬዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤቴ ነሽ፤ እኔ የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ነው። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ፋርማሲው ውስጥ ሰው ቀለል ሲል፣ መልሱንም የምጽፈው እዚያው ባንኮኒ ላይ ነው።

እኔም በመጀመሪያው ዙር ወድቄያለሁ። ሳላጠና ቀርቼ አይደለም፤ ግቢ ውስጥ የታወቅሁ ቸካይ ነበርኩ። ፋርማኮሎጂን ከገጽ አንድ ጀመርኩ፣ አውቶኖሚክ መድኃኒቶችን በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ገለበጥኩ፣ አንቲባዮቲክ ላይ ስደርስ ወር አልፎ ነበር። የመድኃኒት አቅርቦት፣ ሕግና ሥነ ምግባር፣ ካልኩሌሽን «እነዚህ ቀላል ናቸው» ተብለው ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ተገፉ። የጣሉኝም እነሱ ናቸው።

በነዚያ ሁለት ቀናት ከሠራኋቸው የመለማመጃ ጥያቄዎች አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንድ ጤና ጣቢያ በሁለት ወር ሪፖርቱ 600 ስትሪፕ ፓራሲታሞል ተጠቅሟል፣ ስቶር ውስጥ የቀረው 350 ነው፤ ስንት ይጠይቅ? የጤና ጣቢያ ከፍተኛ ክምችት የአራት ወር መሆኑን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣዋለሁ። 600ን በ4 አባዛሁ፣ 2,400። 350 ቀነስኩ፣ 2,050። አማራጮቹን ሳይ 2,050 «ሐ» ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። በደስታ አከበብኩና አለፍኩ። ፒዲኤፉ መልስ ስላልነበረው የሚያርመኝ አልተገኘም። ከወራት በኋላ አንዲት የስቶር ሠራተኛ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጹን ስትሞላ አጠገቧ ቆሜ አየሁ፤ ፍጆታውን በ2 ብቻ አባዛችው። «ለምን በ4 አይደለም?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «የሁለት ወር ፍጆታ እኮ ነው የያዝኩት፤ በ4 ካባዛሁት የስምንት ወር ላዝዝ ነው?» አለችኝ። መልሱ 850 ነበር።

ይህን የምተርክልሽ ለአንድ ቀመር ብዬ አይደለም። ያ 4 ጊጋሽ ውስጥ መልስ የሌለው፣ ወይም የማን እንደሆነ የማይታወቅ መልስ የተጻፈበት ብዙ አለ። ስሕተትን ስትለማመጂ ደግሞ ስሕተትሽ ይጠነክራል። ከዚያ ሁሉ መልሱ ከነምክንያቱ ያለበትን አንድ የጥያቄ ስብስብ፣ የራስሽን ሃንድአውትና አገራዊውን የሕክምና መመሪያ አስቀሪ። ሌላውን አጥፊው። ማጥፋት ከከበደሽ ለጓደኛሽ ላኪላትና ከስልክሽ ይውጣ።

አሁን ወደ ፕሮግራምሽ። የፈረሰው ሰነፍ ሆነሽ አይመስለኝም፤ የሌለሽን ሰዓት ደልድለሽ ነው። ልገምት፦ «ከምሽቱ 2 እስከ 5 ፋርማኮሎጂ» ይላል አይደል? ቀኑን ሙሉ ስለ ዋጋ ስትከራከሪ ውለሽ፣ የታክሲ ሰልፍ ቆመሽ፣ ውኃ በጄሪካን ደረጃ ለደረጃ አውጥተሽ ስለ ቤታ ብሎከር የምታነቢው ነገር አይኖርም። ማታውን ከሒሳቡ አውጪው። ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለው ያንቺ ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ 12 ሰዓት ይሆናል። እሑድ አራት ጨምሪ። በሳምንት 16፣ በዘጠኝ ሳምንት 144 ሰዓት። ያለሽ ይኸው ነው። ማታ ከተረፈሽ ምርቃት ነው፣ ካልተረፈሽም ፕሮግራሙ አይፈርስም። መብራት እየጠፋ ለሚያስቸግርሽ፣ ወረቀትሽንና የሚሞላ የእጅ ባትሪሽን ማታ ጠረጴዛው ላይ አድርገሽ ተኚ። ሌሊት በስልክ ብርሃን ፒዲኤፍ መፈለግ የጀመረ ሰው ንጋት ላይ ራሱን ቲክቶክ ላይ ያገኘዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አታንቢ። ጥያቄ ብቻ ሥሪ፣ ከሁሉም ኮርስ የተቀላቀለ፣ ሰዓት ይዘሽ። የሳትሽውን ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ጻፊ፣ ከጎኑም ለምን እንደሳትሽ፦ ጭራሽ አላውቀውም፣ አውቀዋለሁ ግን ከሌላ ጋር ተምታታብኝ፣ ወይስ ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩትም። እኔ ከወደቅሁ በኋላ ስቆጥር ሦስተኛው ዓይነት በዝቶ በጣም አፈርኩ። «በስተቀር» የምትለዋን ቃል እየዘለልኩ፣ ዕድሜና ክብደት ሳላይ። ለዚህ መድኃኒቱ ተጨማሪ ንባብ አይደለም፤ ጥያቄውን ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መጀመር ነው፣ መጀመሪያ ምን እንደተጠየቅሽ እወቂ። ቀሪ ሰዓትሽን ደብተሩ ያከፋፍልሻል። ብዙ የሳትሽበት ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ የምትወጂው ኮርስ ይጠብቅ። (የምንወደውን ኮርስ ደጋግመን ማንበብ ዕረፍት ነው እንጂ ጥናት አይደለም።)

ሕክምናውን ስታጠኚ መድኃኒት በመድኃኒት አትሂጂ፣ በሰው ሂጂ። ግማሽ ወረቀት ላይ አንዲት ሴት ጻፊ፦ 28 ዓመቷ፣ ኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ አለባት፣ ደም ማነስ ስላለባት አይረን ትወስዳለች፣ የወሊድ መከላከያም ክንዷ ላይ አስቀብራለች። ለቲቢው ሁለት ወር አራቱን፣ ማለትም ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል፤ ከዚያ አራት ወር ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ። ሪፋምፒሲን የኤችአይቪ መድኃኒቷን ዶሉቴግራቪርን ደሟ ውስጥ ስለሚያወርደው 50 ሚሊ ግራሙ በቀን ሁለቴ ይሆናል። የተቀበረውን መከላከያም ስለሚያዳክመው ሌላ ዘዴ ትመከራለች። ሽንቷ ብርቱካናማ ቢሆን እንዳትደነግጥ ንገሪያት። አይሶኒያዚዱ እጅ እግሯን እንዳያደነዝዛት ፓይሪዶክሲን (ቫይታሚን ቢ6) አለ፤ ዓይኗ ከደበዘዘ ኢታምቡቶሉን ጠርጥሪ። አይረኑንስ? በባዶ ሆድ ከሆነ ዶሉቴግራቪሩን ሁለት ሰዓት አስቀድማ ወይም ስድስት ሰዓት አዘግይታ ትውሰድ፤ ከምግብ ጋር ከሆነ አብሮ ይሄዳል። በአንዲት ሴት ስንት ጥያቄ እንደመለስሽ ቁጠሪ። እንደዚህ ዓይነት ሰው በሳምንት አምስት ብትፈጥሪ ይበቃል፤ ስኳርም፣ ደም ግፊትም፣ ወባ የያዘው ሕፃንም ይግቡበት።

ካልኩሌሽን የጠዋቱን ሰዓት አይንካ፣ የታክሲ ሥራ ነው። በየቀኑ ሦስት ጥያቄ፣ በእጅሽ ስሌት። ለነገው መነሻ፦ 96 በመቶ አልኮል ተሰጥቶሽ 1 ሊትር 70 በመቶ አዘጋጂ ብትባዪ ስንት ሚሊ ሊትር ትቀጂያለሽ?

ሕጉን፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011ን፣ በሁለት ንጋት ትጨርሺዋለሽ። እንደ ክትባት ያሉት በቅዝቃዜ የሚጓጓዙበትና የሚቀመጡበት የቀዝቃዛ ሰንሰለቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፣ አያስጨንቅሽ።

«ፈተናው እጃችን ገብቷል» እያሉ በቴሌግራም ብር የሚጠይቁሽ ይኖራሉ። እኔም በዚያን ጊዜ ከሻይና ከታክሲ ቆጥቤ ከፍዬ ነበር። የላኩልኝ የአንድ ግቢ የድሮ ሚድ ፈተና ነው፤ መልሶቹም ግማሾቹ የተሳሳቱ ነበሩ።

አክስትሽን የመጨረሻውን ሳምንት ፈቃድ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው። ሲቃረብ ብትጠይቂ የበዓል ገበያ ይሆንና እሺ ለማለት ይቸገራሉ። በዚያ ሳምንት አዲስ ነገር አትክፈቺ፣ የስሕተት ደብተርሽን ብቻ ከልሺ።

የአልኮሉ መልስ 729 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ቀሪውን እስከ ሊትሩ ምልክት ውኃ ሙዪበት።