በ«ቴሌብር» ውስጥ ያለው «ቴሌ»

ጥያቄ፦ በቴሌቪዥን፣ በቴሌስኮፕ፣ በቴሌግራምና በቴሌኮም ላይ የምናየው «ቴሌ» ከየት መጣ? «ሩቅ» ማለት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ታዲያ «ቴሌብር» የሩቅ ብር ማለት ነው? አማርኛውስ ትክክል ነው?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። «ቴሌ» በጥንቱ ግሪክኛ «በሩቅ፣ ከሩቅ» ማለት ነው። በጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር ግጥሞች ራሱን ችሎ የቆመ ቃል ነበር። በግጥሞቹ የሚገኘው ጀግና የኦዲሴዩስ ልጅ፣ የቴሌማኮስ ስምም ከእሱ ነው የወጣው፤ «ከሩቅ የሚዋጋ» እንደ ማለት ነው።

አውሮፓውያን ቃሉን ለአዳዲስ ዕቃዎች ስም ማውጫ ያደረጉት ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 ሮም ውስጥ ለጋሊልዮ ክብር ግብዣ ተደርጎ ነበር። ጋሊልዮ ሰማይን የሚያይበትን መሣሪያ «ቴሌስኮፕ» ብሎ የሰየመው ዴሚሲያኒ የሚባል ግሪካዊ ምሁር ነው፤ «ከሩቅ የሚያይ» ለማለት። በ1790ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ክሎድ ሻፕ በማማ ላይ በተተከሉ ተንቀሳቃሽ ክንዶች መልእክት ማስተላለፍ ጀመረ። እሱ የመረጠው ስም «ፈጣን ጸሐፊ» የሚል ትርጉም ነበረው። በኋላ ግን በሌላ ሰው ምክር «ቴሌግራፍ»፣ ማለትም «ከሩቅ የሚጽፍ» ተባለ። በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራው ቴሌግራፍ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ቴሌቪዥን» በ1900 ፓሪስ ላይ ሲወለድ ግማሹ ግሪክ፣ ግማሹ ላቲን ሆነ። «ቪዥን» የላቲን ነውና። ግሪኮቹ ራሳቸው ይህን ድብልቅ አልተቀበሉም፤ ሁለቱንም ክፍል ከራሳቸው ቋንቋ ወስደው «ቲሌኦራሲ» ይሉታል። ጀርመኖች ደግሞ «ቴሌ»ን ትተው በራሳቸው «ሩቅ» በሚል ቃል «ፈርንዜን» አሉት። «ቴሌኮሙኒኬሽን» በ1904 የመጣ ነው፤ ያወጣውም ኤዱዋር ኤስቶኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው።

እስከዚህ ድረስ ትርጉሙ «ሩቅ» እንደሆነ ነው። የእርስዎ ጥያቄ መልስ ያለው ግን ከዚህ በኋላ በሆነው ነገር ላይ ነው። ሰው ረጅም ቃል ሲበዛበት ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ክፍል ደግሞ የሙሉውን ቃል ትርጉም ይዞ ይቀራል። ፈረንሳዮች «ቴሌ» ሲሉ ቴሌቪዥን ማለታቸው ነው። በተራራ ላይ በገመድ የሚሄደውን መጓጓዣ «ቴሌፌሪክ» አሉት፤ ከዚያ ቆርጠው በገመድ የሚጎተተውን ወንበር «ቴሌስዬዥ» አሉ። «ስዬዥ» ወንበር ነው። እዚህ ላይ «ቴሌ» የሚያመለክተው ገመዱን ነው፤ «የሩቅ ወንበር» ብሎ የሚተረጉመው የለም። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። «ቴሌማርኬቲንግ» በስልክ መሸጥ ነው።

እኛም ቆርጠናል። «ቴሌ ሄጄ ሲም አወጣሁ» የሚል ሰው ስለ ርቀት እያወራ አይደለም፤ ድርጅቱን ነው የሚጠራው። ድርጅቱ በየዘመኑ ስሙን ቢቀያይርም ሰዉ «ቴሌ» ማለቱን አልተወም። በአማርኛ «ቴሌ» ባዕድ መነሻ መሆኑ ቀርቶ ሙሉ ስም ሆኗል። እንደማንኛውም ስም «ቴሌን»፣ «የቴሌ»፣ «ከቴሌ» እያልን እናረባዋለን።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጣው «ቴሌብር» የሩቅ ብር ሳይሆን በቴሌ በኩል የሚንቀሳቀስ ብር ነው። በእኔ አስተያየት ጥሩ ቃል ነው። አጭር ነው፤ ለአፍም አይከብድም። ሰውም ሳያመነታ «በቴሌብር ላክልኝ» ይላል። የግሪክና የአማርኛ ድብልቅ መሆኑን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። በዚያ ሚዛን ከሄድን ቴሌቪዥንም ይወድቃል። ደግሞም ከግሪክ መዋስ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ «ወንጌል»ና «ዲያቆን» በግዕዝ በኩል የደረሱን የግሪክ ቃላት ናቸው። አጻጻፉን በተመለከተ «ቴሌብር» ተብሎ አንድ ላይ ቢጻፍ እመርጣለሁ፤ አንድ ነገር ነው የሚሰይመው።

ሲመሳሰሉ የሚያሳስቱም አሉ። በፍልስፍና መጻሕፍት የሚያገኙት «ቴሌዮሎጂ» ከዚህ «ቴሌ» ጋር ዝምድና የለውም። እሱ «ቴሎስ» ከሚለው ሌላ የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ «ፍጻሜ፣ ግብ» ማለት ነው።